የግሪንላንድ ውሻ፦ ሌላ ውሻ የማይገባበት አገር

በምዕራብ ግሪንላንድ ከአርክቲክ ክበብ በላይ፣ በምሥራቁ ደግሞ በሙሉ፣ ጥብቅ ሕግ አለ። ከግሪንላንድ ውሻ በቀር ሌላ ውሻ ማስገባት ክልክል ነው። የአገሩ ውሻም ቢሆን አንዴ ከወጣ አይመለስም። ዝርያው እንዳይደባለቅ፣ በሽታም እንዳይገባበት ነው። ብዙ ሰው ሃስኪ ከሚባለው የሳይቤሪያ ውሻ ጋር ያምታታዋል፤ እሱ ግን ራሱን የቻለ ዝርያ ነው። የአገሬው ሰው ቂመቅ ይለዋል፣ ሲበዛ ቂሚት።

የግሪንላንድ ነባር ሕዝብ የሆኑት የኢኑዊት አባቶች ከ1000 ዓመት ገደማ በፊት ከአላስካ በኩል ሲፈልሱ ውሾቻቸውን አስከትለው ነው ግሪንላንድ የደረሱት። የዘሩ ሐረግ ግን ከዚያም ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የዘረመል ጥናት በሳይቤሪያዋ ዦሆቭ ደሴት የተገኘ የ9,500 ዓመት ውሻ ለዛሬዎቹ ስሌድ (በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ) ጎታች ውሾች የቅርብ ዘመድ መሆኑን አሳይቷል። ከጥንት ጀምሮ ሠራተኛ ነው ማለት ነው።

ውሾቹ ስሌድ ላይ የሚታሰሩበት መንገድ ደስ ይላል። አላስካ ጫካ ስላለ ውሾቹን እንደ በሬ ጥንድ ጥንድ አድርገው ያስሯቸዋል። እዚህ ግን ዛፍ የለም፣ ያለው የተንጣለለ የባሕር በረዶ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ውሻ የራሱ ገመድ አለው፤ ገመዶቹ ሁሉ ስሌዱ ፊት አንድ ቦታ ላይ ይገናኙና ውሾቹ እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ይሮጣሉ። በረዶው ሳስቶ አንዱ ቢሰጥም ሌሎቹን ይዞ አይወርድም። ችግሩ፣ እየሮጡ ቦታ ስለሚለዋወጡ ገመዱ እንደ ሹሩባ ይጎነጎናል። ያኔ ነጂው ይቆማል፣ ጓንቱን ያወልቃል፣ በዚያ ብርድ በባዶ እጁ ሲፈታ ይቆያል።

ሥራው መጎተት ብቻ አይደለም። አቆስጣ የሚባለው የባሕር እንስሳ ብቅ እያለ የሚተነፍስባትን የበረዶ ቀዳዳ ውሻው በአፍንጫው ያገኛል። ነጭ ድብ ከታየም ውሾቹ ይለቀቁና አዳኙ እስኪደርስ ከብበው ያቆሙታል።

ኖርዌያዊው ሮአልድ አሙንድሰን ታኅሣሥ 14 ቀን 1911 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዋልታን የረገጠው በእነዚህ ውሾች ነው። በ52 ውሾች ተነስቶ ሲመለስ የቀሩት 11 ነበሩ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ተገድለው ለሰውም ለውሻም ቀለብ ሆነዋል። ስለ ዋልታው ጀግንነት ሲወራ ይሄ መዘለል የለበትም።

ዛሬም የዴንማርክ ጦር ሲሪየስ የሚባለው ቡድን ሰው የማይኖርበትን ሰሜን ምሥራቁን የሚቃኘው በውሻ ነው። ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ለወራት።

ቁጥራቸው ግን በአንድ ትውልድ ውስጥ በግማሽ ገደማ ወርዷል። ስኖውሞቢል (በረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር) አለ፣ በሽታ አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በረዶው ራሱ እየሳሳ ነው። በሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. አንድ የዴንማርክ ተመራማሪ ያነሳው ፎቶ ዓለምን ዞሯል፦ ከሥር በረዶ አለ፣ ከላዩ የቀለጠ ውኃ ተኝቶበታል፣ ውሾቹ ያንን ሰማያዊ ውኃ በእግራቸው እየሰነጠቁ ስሌዱን ይጎትታሉ።