ለሰዓቱ ስንት፣ ለሰው ዐይን ስንት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ጥሩ ሰዓት መግዛት ኃጢአት አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልበልና ልገላገል። እንዲህ ያለ ርዕስ ሲነሣ ግማሹ ሰው «ደግሞ ሰዓታችን ላይ መጡብን» ብሎ ጆሮውን ይደፍናልና። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለአንድ ሰዓት ከምንከፍለው ዋጋ ምን ያህሉ ጊዜን ለማወቅ ነው? ምን ያህሉስ ሰው እንዲያይልን?

ካሲዮ ኤፍ-91ደብልዩ የሚባለውን ሰዓት ስሙን ባታውቁት መልኩን ታውቁታላችሁ። ጥቁር ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ቁጥር የሚያሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ገበያ ላይ ወጣ፤ ዛሬም ይሸጣል። ውጭ አገር ዋጋው ወደ 20 ዶላር ገደማ ነው። አምራቹ በወር ከ30 ሰከንድ በላይ አይዛነፍም ይላል። ባትሪው ደግሞ 7 ዓመት ያህል ይቆያል። በሌላ በኩል 10 ሺህ ዶላርና ከዚያ በላይ የሚጠየቅበት ሮሌክስ አለ። ኩባንያው ራሱ በቀን እስከ 2 ሰከንድ ሊቀድም ወይም ሊዘገይ እንደሚችል ይናገራል። እስቲ አስሉት። የባለ 20 ዶላሩ ስሕተት ለቀን ሲካፈል 1 ሰከንድ ነው። ሰዓት በመቁጠር ርካሹ አልተሸነፈም ማለት ነው።

ይህ ከየት መጣ? እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 ቀን 1969 የጃፓኑ ሰዓት ሠሪ ሴይኮ ቶኪዮ ላይ አስትሮን የተባለ ሰዓት አወጣ። በባትሪ ኃይል በሚርገበገብ የኳርትዝ ክሪስታል የሚሠራ የመጀመሪያው የእጅ ሰዓት ነበር። ዋጋው 450 ሺህ የን ነው፤ በዚያን ጊዜ በዚህ ገንዘብ መኪና ይገዛ ነበር። ግን ብዙ ሳይቆይ የኳርትዝ ዋጋ ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ ሜዳ ላይ ወደቀ። በስዊዘርላንድ 90 ሺህ ያህል ሰው ቀጥሮ የነበረው የሰዓት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ወደ 30 ሺህ ገደማ ሠራተኛ ቀረው። ትክክለኛ ሰዓት የማንም ሰው ኪስ የሚደርስበት ዕቃ ሆነ። ታዲያ ውድ ሰዓት ሠሪዎቹ ምን ይሽጡ? ትክክለኛነትን መሸጥ አይችሉም፤ እሱ በ20 ዶላር አለ። ስለዚህ ስምን፣ ታሪክንና ክብርን ይሸጡ ጀመር።

ጥበቡን ለማናናቅ አይደለም። ያለ ባትሪ፣ በተጠቀለለ የብረት ጥምጥም ጉልበት ብቻ የሚሄድ፣ ከመቶ የሚበልጡ ጥቃቅን ዕቃዎች የተገጣጠሙበት ሰዓት የሚደነቅ ነው። የመገናኛውን ድንኳን የሠራውን ባስልኤልን በጥበብና በማስተዋል የሞላው እግዚአብሔር ራሱ መሆኑን በኦሪት ዘጸአት እናነባለን። የእጅ ሥራ ውበት ከእርሱ ነው። ብቻ ውበቱን ስለወደድን ነው የምንገዛው ወይስ ጎረቤት እንዲያውቅልን? መልሱን ራሳችን እናውቀዋለን።

ለመሆኑ ምእመን ሰዓት ለምን ያስፈልገዋል? ቅዳሴ ሳይገባ ለመድረስ። የነግህን፣ የሠለስትን፣ የቀትርን ጸሎት ለማስታወስ። ሥራ ላለማርፈድ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት መድረሱን ለማየት፤ እዚህ ላይ ሁላችንም ስዊዘርላንዳዊ ነን፣ አንዲት ደቂቃ አታልፈንም። ለዚህ ሁሉ ከወርቅ የተሠራው ሰዓት ከካሲዮው አንድም የሚጨምረው ነገር የለም።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲያስተምር ጫማቸውን በሐር ክር ስላስጌጡ ጎልማሶች ተናግሯል። ጫማው እንዳይቆሽሽባቸው አደባባይ ላይ በጣታቸው እየቆሙ ይሄዱ ነበር። ጫማ የተሠራው ጭቃ ሊረግጥ ነው፤ ይህን ያህል ከሳሳችሁለት አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉት ወይም ራሳችሁ ላይ አድርጉት ይላቸዋል። ሕዝቡ ሳቀ። እርሱ ግን «ትስቃላችሁ? እኔስ ላለቅስ ነው የሚቃጣኝ» በሚል መንፈስ ተናገራቸው። ዕቃው ሰውን ሊያገለግል ተሠርቶ ሰው የዕቃው አሽከር ሲሆን ያሳዝናል።

ዛሬስ? ውድ ሰዓት ያሰረ ወጣት ታክሲ ውስጥ እጅጌውን ወደ ታች ይስባል፤ ሌባ እንዳያይበት። ሠርግ ቤት ሲገባ እጅጌውን ወደ ላይ ይሰበስባል፤ ሰው ሳያይለት እንዳይቀር። ቀኑን ሙሉ ሐሳቡ እጅጌው ላይ ነው።

ይህ የወጣቶች ብቻ ፈተና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 በሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የሆነውን ብዙዎች ያስታውሳሉ። በመንበረ ፓትርያርኩ ድረ ገጽ ላይ የወጣ ፎቶ ላይ ፓትርያርክ ኪሪል ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል። እጃቸው ላይ ሰዓት የለም። የሚያብረቀርቀው ጠረጴዛ ላይ ግን የሰዓቱ ነጸብራቅ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከፎቶው ላይ ያጠፋው ሰው ጠረጴዛውን ረስቶታል! ሰዓቱ 30 ሺህ ዶላር ገደማ የሚያወጣ፣ ብሬጌ የተባለ ውድ ሰዓት ነው ተባለ። ፓትርያርኩ በስጦታ የተሰጣቸው መሆኑን ተናግረው ነበር። ጽሕፈት ቤቱም ይቅርታ ጠይቆ ዋናውን ፎቶ መለሰው። ይህን ያነሣሁት አባቶችን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛም ብንሆን ከዚያ አንሻልም። ግን ሰዓቱን ብቻውን ቢተዉት ኖሮ ወሬው እዚያ ይደርስ ነበር? ያሳፈረው መደበቁ ነው። አንድ ዕቃ ወይ መደበቅ ወይ መታየት አለበት ብለን ከተጨነቅንበት እጃችን ላይ ያለው ከሰዓት በላይ የሆነ ነገር ነው።

ከዚህ የሚብሰው ኮፒው ነው። «አንደኛ ኮፒ ነው፣ ማንም አይለየውም» እያሉ የሚሸጡት። የሚያሳዝነው ብዙ ጊዜ ለእሱ የሚወጣው ገንዘብ ጥሩ ኦሪጅናል ሲቲዝን ወይም ኦሪየንት ይገዛል። ሰውየው ግን የሚፈልገው ጥሩ ሰዓት አይደለም፤ የሌለውን እንዳለው መታየት ነው። የሐሰት ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን መጽሐፈ ምሳሌ ይነግረናል። ነጋዴው በሚዛን ይዋሻል፤ እኛ በእጃችን አንጓ መዋሸታችን ምን ልዩነት አለው? እዚህ ላይ ምንም ማለሳለሻ አላገኘሁም። ውዱን እውነተኛ ሰዓት ያሰረ ሰው ቢያንስ አልዋሸም።

«ሰዓት እኮ ሀብት ነው፣ ዋጋው አይወርድም» የሚሉም አሉ። ለጥቂት ሞዴሎች እውነት ነው። አብዛኛው ውድ ሰዓት ግን ከሱቅ በወጣበት ቀን ዋጋው ይቀንሳል። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የነበረ የፓቴክ ፊሊፕ የወርቅ ሰዓት እ.ኤ.አ. በ2015 ጄኔቫ ላይ ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በባለቤትነት ጥያቄ ተነሣ፤ በ2017 ተመልሶ ቀርቦ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ገዢው የከፈለው ለጃንሆይ እጅ ነው። የኔና የእናንተ እጅ ዋጋ አይጨምርለትም፤ ይቅርታ።

በሌላ በኩል ቁጠባም ትዕቢት አለበት። የአልዓዛር እህት ማርያም የናርዶሱን ሽቱ በጌታ እግር ላይ ስታፈስ «ለምን በ300 ዲናር ተሸጦ ለድሆች አልተሰጠም?» ያለው ይሁዳ ነበር። ወንጌላዊው ዮሐንስ ለድሆች ተገዶላቸው እንዳልሆነ ይነግረናል። ስለዚህ ባለ 20 ዶላር ሰዓቱን እያሳየ የሌላውን ዋጋ የሚቆጥር ሰውም እጅጌውን እየሰበሰበ ነው። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ የወርቅ ቀለበት ላደረገው በክብር ወንበር የሚስቡትን ገሠጸ። የወርቅ ቀለበት ያደረገውን በር ላይ አቁሙት ግን አላለም።

ታዲያ ሰዓት ልትገዙ ነው እንበል። ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው ሲያስተምር አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ያስላ ብሏል። በብድር የሚገዛ ሰዓት ይቅርባችሁ። አሥራቱ ሳይወጣ፣ የቤት ኪራይ ሳይከፈል፣ እናት መድኃኒት እየጠበቀች የሚገዛም እንዲሁ። አረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለች እህት ላይ ለሠርግ ሰዓት ላኪልኝ ብሎ መጫንም አይገባም፤ እሷ ገንዘቡን ስንት ሰዓት ቆማ እንደምታገኘው የሚነግር ሰዓት የለም።

የቀረው ቀላል ነው። ከስሙ ይልቅ መስታወቱን ጠይቁ፤ ሳፋየር ከሆነ በቀላሉ አይጫርም። አካሉ የማይዝግ ብረት ይሁን። «30 ሜትር ውኃ ይችላል» የሚል ጽሑፍ እጅ ሲታጠቡ ለሚረጭ ውኃ እንጂ ለዋና አይደለም፤ ለዋና 100 ሜትር የሚለውን ፈልጉ። ባትሪ መቀየር የሚሰለቻችሁ በብርሃን የሚሞላውን የሲቲዝን ኢኮ-ድራይቭ እዩ። ባትሪ ጨርሶ የማይወድ ሰው ሴይኮ 5ን ይመልከት፤ እጅ ሲንቀሳቀስ ራሱን ይሞላል፣ ስሙ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ አለ፣ ዋጋውም ከስዊሶቹ ጋር አይወዳደርም። ደግሞ ባለ ዘንግ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለመሙላት ይመቻል፤ ቁጥር የሚያሳየው ከሰዓት በኋላ ዘጠኝን 15 ብሎ ግራ ሊያጋባችሁ ይችላል።

ውድ ሰዓት በስጦታ የደረሳችሁ ደግሞ አመስግናችሁ እሰሩት፤ ሰጪውን አታሳፍሩ። ከአባት የቀረ አሮጌ ሰዓት መሳቢያ ውስጥ ያላችሁም አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ለሰዓት ሠሪ አሳዩት። ብዙ ጊዜ የቆመው በባትሪ ወይም በአቧራ ነው፤ ጽዳትና ቅባት ብቻ ሊበቃው ይችላል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።