የእግር ጣት መገጣጠሚያን ወደ እጅ ጣት ማዛወር ምንድን ነው?

በኮምቦልቻ የእንጨት ሥራ ቤት በኤሌክትሪክ መጋዝ ጣቱን የተጎዳ አናጢ፣ ቁስሉ ከዳነም በኋላ ሌላ ችግር ሊከተለው ይችላል፤ ጣቱ በቦታው አለ፣ መካከለኛው አንጓ ግን አይታጠፍም። የሻይ ብርጭቆ ሲይዝ ያች ጣት ብቻዋን ቀጥ ብላ ትቀራለች፤ እጁን ኪሱ ሲከትም ጠርዙን እየመታች አልገባም ትላለች። ለእንዲህ ዓይነቱ ጉዳት ከሚታሰቡት የቀዶ ሕክምና መንገዶች አንዱ፣ ከሁለተኛው የእግር ጣት ላይ አንድ መገጣጠሚያ ሙሉውን አንሥቶ በተበላሸው አንጓ ቦታ መትከል ነው።

ሙሉውን ሲባል አጥንቱ ብቻ አይደለም። ሁለቱ የአጥንት ጫፎች፣ ጫፎቹን የሸፈነው ለስላሳ አጥንት፣ የጎን ጅማቶቹ፣ እንዲሁም ደም ቅዳውና ደም መልሱ አብረው ይነሣሉ። ብዙ ጊዜ ጥቂት ቆዳም ይጨመራል፤ የቆዳው ቀለም ከሥሩ ያለው መገጣጠሚያ ደም እያገኘ መሆን አለመሆኑን ለሐኪሙ ይነግረዋል። አጥንቱ በቀጭን ሽቦ ወይም በብሎን ከታሰረ በኋላ፣ ስፋታቸው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ የደም ሥሮች በማይክሮስኮፕ እየታዩ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይሰፋሉ። ደም ሥሩ ሳይቀጠልለት የተተከለ መገጣጠሚያ ውሎ አድሮ እየተበላ ይደርቃልና፣ ያ ሁሉ ልፋት ይህን ለማስቀረት ነው። ታካሚው ከዚያ በኋላ ሲጋራ እንዳያጨስና እጁን እንዳይበርደው ይመከራል፤ ሁለቱም የደም ሥርን ያጠብባሉ። ብርዱ ከኮምቦልቻ በሚበረታበት ከጦሳ ተራራ ሥር የሚኖር የደሴ ሰው የብርዱን ምክር ከኮምቦልቻው ይልቅ አጥብቆ ሊይዘው ይገባል።

የሕክምናው ትልቁ ጥቅም የሚታየው በልጆች ላይ ነው፤ አጥንቱ የሚረዝምበት ክፍል ሕያው ሆኖ ስለሚዛወር ጣቱ ከልጁ ጋር ማደጉን ሊቀጥል ይችላል። ከሲሊኮን የተሠራ ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ይህን አያደርግም።

በአዋቂ ላይ ግን ተስፋውን ልክ ማስያዝ ያስፈልጋል። ጤነኛ መካከለኛ አንጓ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል፤ የተዛወረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ግማሹን አያልፍም፣ የእግር ጣት በተፈጥሮው ጎበጥ ያለ በመሆኑም ሙሉ በሙሉ ላይዘረጋ ይችላል። ስለዚህ የአናጢው ጉዳት በሌባ ጣቱ ላይ ከሆነ፣ ሁለቱ አጥንቶች ጥቂት እንደታጠፉ ተያይዘው አንድ እንዲሆኑ ማድረጉ የተሻለ ይመስለኛል፤ ምስማር ቆንጥጦ ለመያዝ የሚበጀው የማይወላገድ ጣት ነው። የቀለበት ጣቱ ወይም ትንሿ ጣቱ ከሆነች ግን የመዶሻ እጀታ የሚጨበጠው በእነርሱ ነውና ጥቂት መታጠፍም ዋጋ አለው።

በእግሩ ላይ የቀረው ክፍተት ከእጁ በወጣው ወይም ከሌላ ቦታ በተወሰደ አጥንት ሊሞላ ይችላል፤ የእግር ጣቷ ታጥራና ደርቃ ትቀር ይሆናል እንጂ፣ ሲራመድ መሬቱን በዋናነት የሚገፋው አውራ ጣቱ ስለሆነ አካሄዱ ብዙም አይጎዳም።