የሴት ልጆች ትምህርት በሐረር ከተማ

በሐረር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ወንድና ሴት የሚማሩት በአብዛኛው አብረው ነው። ስለዚህ ስለ ሴት ተማሪዎች መጻፍ የፈለገ ሰው አንድ ግቢ ብቻ ይዞ ሩቅ አይሄድም። ከተማዋን ከነገበያዋ፣ ከነቧንቧዋና ከነቋንቋዎቿ ማየት አለበት።

ነገሩ የሚጀምረው በግንብ ከታጠረችው አሮጌ ከተማ፣ ከጀጎል ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር አሠሩት ይባላል፤ ከእሳቸው በፊት ተጀምሯል የሚሉም አሉ። ውስጡ 82 መስጊዶች እንዳሉ ዩኔስኮ መዝግቧል። ልጆች ቁርኣን የሚማሩት ግን መስጊድ ብቻ አልነበረም፤ በየሰፈሩ አስተማሪ ቤትም ነው። ቤቱ ቁርኣን ጌይ ይባላል፣ መምህሩ ደግሞ ከቢር። ሴት ልጆች እዚያ ይማሩ ነበር፤ የሚያስተምሩ ሴቶችም ነበሩ። ስለ ኢትዮጵያ ሴቶች ትምህርት የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ከአዲስ አበባ ስለሚጀምሩ ይህን ይዘሉታል። መዝለሉ ፍርደ ገምድልነት ነው።

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ሰንብቷል። ስለ ከተማዋ ክፉ ክፉውን ለመጻፍ አልሰነፈም። እሱ እንኳ ሐረር በዕውቀቷ የምትኮራ ከተማ መሆኗን ሳይጠቅስ አላለፈም፤ የመጽሐፍ ጥረዛዋንም አድንቋል።

ከቁርኣኑ ጎን ስፌት አለ። ልጅቷ ከእናቷ፣ ከአክስቷና ከጎረቤት ሴቶች ትማረዋለች። በሐረሪ፣ ማለትም በከተማዋ ነባር ሕዝብ፣ ቤት ግድግዳ ላይ ተደርድሮ የሚሰቀለው ስፌት የቤቱ ሴቶች ሙያ የሚታይበት ነው። ቀለም መምረጥ፣ ረድፍ መቁጠር፣ ቅርጽ ሳይዛነፍ መጨረስ፣ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይጠይቃል። መዝገብ ላይ ውጤት ሆኖ ስለማይሰፍር ብቻ ማንም ትምህርት አይለውም።

ሦስተኛው የሴቶች መማሪያ አፎቻ ነው። ለሠርግና ለሐዘን የሚሰባሰብ ማኅበር ነው፤ የሌላ ከተማ ሰው ዕድርን ያስብ። ሴቶች የራሳቸው አፎቻ አላቸው፣ ወንዶችም የራሳቸው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በሐረር ጥናት ያካሄደው አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ሲድኒ ዋልድሮን የሐረሪን ማኅበራዊ ኑሮ የያዙት ዘመድ፣ ጓደኛና አፎቻ ናቸው ይላል። አፎቻ በከተማው ሕዝብና በአስተዳደሩ መካከል ወሬ ማመላለሻም ነበር። የማን ልጅ ታጨች፣ የማን ልጅ ትምህርት አቋረጠች የሚለው ወሬ መጀመሪያ የሚሰማው እዚያ ነው። አንድ ርዕሰ መምህር ስለ ቀሪ ተማሪዎች ከእናቶች ጋር መነጋገር ከፈለገ፣ የስብሰባ ጥሪ ወረቀት ከመላክ ይልቅ በሴቶቹ አፎቻ ቢሄድ ቶሎ ይሳካለታል።

ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዋ በግብፆች እጅ ነበረች። በዚሁ መሃል፣ በ1873 ዓ.ም.፣ የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን ገቡ። ምኒልክ ሐረርን በ1879 ዓ.ም. ያዙ፤ ራስ መኮንን ገዥ ሆኑ። ልጃቸው ተፈሪ ፈረንሳይኛ የተማሩት ከሚሲዮኑ ሰዎች ነው። ዘመናዊው ትምህርት በዚህ በኩል ቢገባም ቅድሚያው ለወንድ ልጅ ነበር። በአገሪቱ ለሴቶች የተከፈተው የመጀመሪያው የመንግሥት ትምህርት ቤት እቴጌ መነን ሲሆን እሱም በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። ከዚያ የጣሊያን አምስት ዓመት መጣ።

በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ የሚባለው የሐረሪዎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ ተነሣ። ብዙ ሐረሪዎች ታሰሩ፣ ንብረታቸው ተወረሰ፤ ብዙ ቤተሰብም ከተማውን ለቆ አዲስ አበባ ገባ። ስለ ምክንያቱ ዛሬም ሰው አንድ ቃል የለውም። ቤተሰብ ሲነቀል ግን ልጆቹም ከነትምህርታቸው አብረው ይነቀላሉ።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ እናቶችን ፊደል አስቆጥሯል። ዘመቻው የተካሄደው በ15 ቋንቋዎች ነው። የሐረሪዎች ቋንቋ ከ15ቱ ውስጥ አልገባም። የጀጎል እናት በቤቷ ቋንቋ ሳይሆን በሌላ ቋንቋ ነው ማንበብ የተማረችው።

አሁን ማን ይማራል ለሚለው ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ የሚሰጠው የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ነው። ዕድሜው ቢገፋም ከእሱ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በሐረሪ ክልል 183,415 ሰው ተቆጥሯል፤ ከዚህ 91,099 ሴቶች ናቸው። ከተማ የሚኖረው 54 በመቶ ነው። ኦሮሞ 56.4 በመቶ፣ አማራ 22.8፣ ሐረሪ 8.7፣ ጉራጌ 4.3፣ ሶማሌ 3.9 በመቶ ነው። በሃይማኖት 69 በመቶው ሙስሊም፣ 27 በመቶው ኦርቶዶክስ ነው። ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ሒጃብ ያጠለቀች ልጅና አንገቷ ላይ ማዕተብ ያሰረች ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ቢቀመጡ ማንም ዞሮ አያይም።

አንደኛ ደረጃ በሦስት ቋንቋ ይሰጣል፤ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሐረሪ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ይጻፋል፣ አማርኛና ሐረሪ በግዕዝ ፊደል። የአማርኛ ክፍል ማለት የአማራ ልጆች ክፍል ማለት አይደለም፤ የጉራጌውም የትግሬውም የሐረሪውም ልጅ አለበት። ሦስቱ ጅረቶች 9ኛ ክፍል ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ሲደርሱ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ከሶፊ፣ ከኤረርና ከድሬ ጥያራ የገጠር ወረዳዎች ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ከተማ የምትመጣ ልጅ ደግሞ ሌላም ጣጣ አለባት፤ ወይ ዘመድ ቤት ታርፋለች ወይ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ትከራያለች። ዘመድ ቤት ከሆነ የቤቱ ሥራ ብዙውን ጊዜ የእሷ ነው።

ስለ ውጤት ሲወራ ሰው የሚያየው ማትሪክን ብቻ ነው። የሐረር ሴት ተማሪ ማትሪክ ላይ የምታጣውን ነጥብ አብዛኛውን ያጣችው ግን ከዚያ በፊት፣ ውሃ ስትጠብቅ ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ውሃው ከድሬዳዋ በኩል በረጅም ቧንቧ ሽቅብ እየተገፋ ይመጣል፤ ሰፈር ለሰፈርም በፈረቃ ይታደላል። ፈረቃው ሌሊት ሲሆን ጀሪካን ይዛ የምትነሣው ማን እንደሆነች ሁሉም ያውቃል። ውሃ የሌለው የትምህርት ቤት መጸዳጃ ደግሞ የራሱ ችግር አለው። ሞዴስ መግዛት ያልቻለች ልጅ በየወሩ ቀናት ትቀራለች። መቅረቷ በመዝገቡ ላይ ቁጥር ብቻ ነው፤ ምክንያቱ አይጻፍም።

ገበያውም ይጎትታል። በሐረር ጫት ቸርቻሪዎቹ በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ትልቁ የአወዳይ ገበያም ቅርብ ነው። እናቷን የምታግዝ ልጅ ከሰዓት በኋላ ደብተር አትከፍትም። ዐረብ አገር ሄዳ ብር የምትልክ የጎረቤት ልጅም አለች። የእሷ ብር የቤት ቆርቆሮ ሲቀይር እየታየ 'ትምህርትሽን ተማሪ' የሚል ምክር ከባድ ነው።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ይሰጣል። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ነበር። በ2015 ወደ 3.2 ወርዶ በ2016 ወደ 5.4 ወጣ። በ2015 ዓ.ም. ከ40 በመቶ በላይ የሚሆኑ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ቤተሰቧን ለብዙ ቀን ተለይታ የማታውቅ ልጅ ግቢ አድራ መፈተኗ አንዳንድ ወላጅ አስጨንቋል፤ ኩረጃን መቀነሱን ግን የሚክድ ጥቂት ነው። ያላለፉት የሚገቡበት የሪሚዲያል ፕሮግራም አለ። እዚያ ለሴቶች የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ይላል። ለሐረር ልጆች ቅርቡ ዩኒቨርሲቲ ሐረማያ ነው፤ የጤናና ሕክምና ኮሌጁ ደግሞ እዚያው ሐረር ከተማ ውስጥ ይገኛል። ምደባው ከማዕከል ስለሆነ ግን ኮሌጁን ከደጇ እያየች ያደገች ልጅ ጎንደር ወይም አርባ ምንጭ ሊደርሳት ይችላል።