አሸዋ ነፍስ ይዘራልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ባለፈው ሰሞን ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልመን በጀልባ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ፣ ኮምፒውተር ምህንድስና የሚያጠና አንድ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ «መምህር፣ በስልካችን ሆኖ የሚመልስልን ይህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አንድ ቀን ነፍስ ይዘራ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። የሞተሩ ድምፅ አላነጋግር ስላለን በጊዜው የመለስሁለት በአጭሩ ነበር። ጥያቄው ግን ሰፋ ያለ መልስ የሚገባው ነውና፣ ይህንኑ ነገር ከማሽኑ ሆድ ዕቃ ተነሥተው ከጠየቁ ሰው ልጀምር።

ፌዴሪኮ ፋጂን እ.ኤ.አ. በ1941 በጣልያን አገር በቪቼንሳ ተወለዱ። በ1965 በፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርታቸውን ፈጽመው በ1968 ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ። በኢንቴል ኩባንያ ሳሉ ከባልደረቦቻቸው ጋር የሠሩት፣ በ1971 ለገበያ የቀረበው 4004 የተባለው ማይክሮፕሮሰሰር (የኮምፒውተር አንጎል ማለት ነው)፣ 2,300 ያህል ትራንዚስተሮችን፣ ማለትም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያና ማጥፊያዎችን፣ ከጣት ጥፍር ባነሰች ቅንጣት ላይ የያዘ ነበር። ሠዓሊ በሥዕሉ ጥግ እንደሚፈርም እርሳቸውም የስማቸውን የመጀመሪያ ፊደላት በቅንጣቷ ላይ አኑረዋል። ቅንጣቷ የተሠራችበት ሲሊከን ከአሸዋ የሚወጣ ነውና፣ የዓለምን ሥራ ሁሉ የያዘው ይህ መሣሪያ በመሠረቱ የነጠረ አሸዋ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በ1974 ዛይሎግን፣ በ1986 ደግሞ ሲናፕቲክስን ከሌሎች ጋር መሠረቱ፤ ብዙዎቻችሁ በላፕቶፓችሁ ላይ በጣታችሁ የምትዳስሱት ታችፓድ እንዲስፋፋ ትልቅ ድርሻ ያለው ይህ ሁለተኛው ኩባንያ ነው።

ሀብትም ዝናም መልካም ቤተሰብም ሳይጎድልባቸው፣ ደስተኛ መስለው ይኖሩ እንደ ነበር እንጂ ደስታው እንዳልነበራቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ጌታችን «ሰው ዓለሙን ሁሉ ቢያተርፍ ነፍሱንም ቢያጐድል ምን ይጠቅመዋል?» (ማቴ. 16፥26) ያለውን ማንም ሳይሰብክላቸው ኑሯቸው ሰበከላቸው። በዚያው ወራት ሥራቸው የአንጎልን አሠራር የሚመስል መሣሪያ መሥራት ስለ ነበር ስለ ነርቭ ብዙ አነበቡ። መጻሕፍቱ ኤሌክትሪክና ኬሚካል በነርቭ ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፉ ይተነትናሉ፤ ያ መልእክት እንዴት ሽታ፣ ጣዕምና ፍቅር ሆኖ እንደሚሰማን ግን አይናገሩም። የሚሰማው ኮምፒውተር እንዴት እንደሚሠራ ቢያወጡ ቢያወርዱም መንገዱ ጠፋባቸው።

እ.ኤ.አ. በ1990 መጨረሻ ከቤተሰባቸው ጋር በአሜሪካ በታሆ ሐይቅ ዳር ለዕረፍት ሳሉ እኩለ ሌሊት ላይ ነቁ፤ ውኃ ጠጥተው ሐይቁን ተመልክተው ተመልሰው ተኙ። ያን ጊዜ ብርቱ ፍቅር እንደ ነጭ ብርሃን ሆኖ ከደረታቸው ሲፈልቅና ሁሉን ሲሞላ እንደ ተሰማቸው ይናገራሉ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ሕይወታቸው ተለወጠ፤ በ2011ም ከባለቤታቸው ጋር ንቃተ ሕሊናን በሳይንስ የሚያስመረምር ድርጅት አቋቋሙ። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የኮምፒውተር መረጃ ከአንዱ ፍላሽ ወደ ሌላው እንዳለ ይገለበጣል፤ የኳንተም ሁኔታ፣ ማለትም እጅግ ጥቃቅን የሆኑ የቁስ ቅንጣቶች ያሉበት ሁኔታ፣ ግን በተፈጥሮው አይገለበጥም፤ የሰው ውስጣዊ ስሜትም እንደዚሁ ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊያውቀው የማይችል ነውና ከማሽን አይገኝም።

በዚህ ረገድ ሰውዬው ወደ አባቶቻችን ደጅ ቀርበዋል ብዬ አምናለሁ። ቅዱስ ጳውሎስ በሰው ውስጥ ያለውን ከራሱ ከሰው መንፈስ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ ጽፏል (1ቆሮ. 2፥11)። አባቶቻችንም ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውኃና ከመሬት ሥጋን፣ ከእግዚአብሔር እስትንፋስ ደግሞ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ነፍስን እንደያዘ ያስተምራሉ፤ ይኸውም የምታስብ፣ የምትናገር፣ ሕያው የሆነች ማለት ነው። የልጁን ጥያቄ በዚህ መዝኑት። ማሽኑ ንግግርን ይመስላል፤ ማሰብንም ይመስላል፤ ሕይወት ግን የለውም። የዕጣንን ሽታ ከዘጌ ቡና ሽታ ሊለይ ይችል ይሆናል፤ ሲሸተው ግን ማን ነው የሚሸተው? በማኅሌት ቆሞ በዕንባ የሚዘምረውን ዲያቆን ድምፅ ቀድቶ ሊያሰማን ይችላል፤ ዕንባው ግን ከወዴት ይመጣል?

ከዚህ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል። ፋጂን ሁሉ ከአንዱ እንደሚፈልቅ፣ ይህም አንዱ ራሱን ያውቅ ዘንድ በእኛ እንደሚገለጥ ያስተምራሉ። አባታቸው ሁሉ ከአንዱ ይፈልቃል ያለውን የጥንቱን ፈላስፋ የፕሎቲኖስን ፍልስፍና ወደ ጣልያንኛ የተረጎሙ መምህር ነበሩና፣ ትምህርቱ ከዚያ ቤት ሽታ ያለው ይመስለኛል። እኛ ግን ፍጥረት ከፈጣሪው ባሕርይ እንደ ምንጭ የፈለቀ ሳይሆን እርሱ እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ፣ ካለመኖር ወደ መኖር፣ ያመጣው እንደሆነ እናምናለን። ራሱን ለማወቅም እኛን አይሻም፤ የፈጠረን በቸርነቱ ክብሩን እንድንወርስ ነው።

ፋጂን በታሆ ዳር ተሰማኝ ስላሉት ብርሃን ፍርድ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም። ሐዋርያው ዮሐንስ መንፈስን ሁሉ እንዳናምን፣ ይልቁንም እንድንመረምር አዝዟል (1ዮሐ. 4፥1)። ምርመራው እንዴት እንደሚደረግ ግን ከሳውል መማር እንችላለን። በደማስቆ መንገድ ብርሃን የበራበት ሳውል ከሰው ሁሉ ይልቅ በቂ ማስረጃ ነበረው፤ ጌታ ራሱ አነጋግሮታልና። ሆኖም ከብርሃኑ በኋላ የተነገረው ወደ ከተማ እንዲገባ ነበር፤ ሦስት ቀን ሳያይ፣ ሳይበላ፣ ሳይጠጣ ሰነበተ፤ ዓይኑ የተከፈተውም በደማስቆ በነበረው ደቀ መዝሙር በሐናንያ እጅ ነው፤ ከዚያም ተነሥቶ ተጠመቀ። በገዳማችን ሥርዓትም ራእይ ያየ መነኵሴ በራእዩ ብቻውን አይመራም፤ ለአባቱ ይነግራል፤ አባቱም አንዳንድ ጊዜ «ሂድና ውኃ ቅዳ» ብሎ ይልከዋል።

ይቆየን።