የድርጅት መልክና አንደበት

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን አስቡ። ያን ሐምራዊ ቀለም ከሩቅ ያየ ሰው ታፔላውን ሳያነብ ባንኩን ያውቀዋል። አንድ ድርጅት እንዲህ ከታወቀ መልክ አለው ማለት ነው።

መልክ በአጋጣሚ አይመጣም። የትኛው ቀለም፣ የትኛው የፊደል ቅርጽ፣ ምን ዓይነት ፎቶ ሥራ ላይ እንደሚውል ተወስኖ በጽሑፍ ይቀመጣል። ሰነዱ የብራንድ መመሪያ ይባላል። ቀለሙ በቁጥር ኮድ ካልተጻፈ አንዱ ማተሚያ ቤት ሐምራዊውን ወደ ሰማያዊ፣ ሌላው ወደ ሮዝ ይወስደዋል።

ሥራው ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በ1907 እ.ኤ.አ. አኤጌ የተባለው የጀርመን የኤሌክትሪክ ኩባንያ ፔተር ቤረንስን ቀጠረ። ቤረንስ ከአርማው እስከ ማንቆርቆሪያው፣ እስከ ፋብሪካው ሕንፃ ድረስ ነደፈለት። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ደግሞ ኤድዋርድ ጆንስተን በ1916 የሠራለትን የፊደል ቅርጽ፣ እያደሰ፣ እስከ ዛሬ ይዞታል።

ከእኛ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጥሩ ምሳሌ ነው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀዩ ጭራ የትም አገር ይለያል። ስሞቹም እንደ ቀለሞቹ ከአገሩ የተቀዱ ናቸው። የደንበኞች ፕሮግራሙ ሸባማይልስ፣ የበረራ መጽሔቱ ሰላምታ ይባላል። እዚህ ላይ መልክና አንደበት፣ ማለትም ድርጅቱ የሚናገርበት ቋንቋ፣ ተገናኝተዋል።

አንደበት ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። በአማርኛ ደግሞ ከባዱ ሥራ እሱ ነው። አማርኛ ገና ከመጀመሪያው ግሥ ‹ማንን ነው የምታናግረው?› ብሎ ይጠይቃል። ላክ፣ ላኪ፣ ላኩ፣ ይላኩ። አንዱን መምረጥ ግድ ነው። ‹አንተ› ካላችሁ ሴቷን ደንበኛ ዘለላችኋት። ‹እርስዎ› አክብሮት አለው፣ ጾታም አይለይም፤ ለባንክና ለሆስፒታል ይስማማል። ለወጣቶች የሚሸጥ ድርጅት ግን ሊከብደው ይችላል። ‹እናንተ› መሀል ላይ ያለ፣ ሞቅ ያለ አማራጭ ነው። የስልክ መተግበሪያ ቁልፍ ላይ ደግሞ ‹መላኪያ› ብሎ ነገሩን መገላገል ይቻላል።

አንድ የክፍያ መተግበሪያ መጀመሪያ ‹የይለፍ ቁጥርዎን ያስገቡ› አለኝ። ቁጥሩን ስሳሳት ‹እንደገና ሞክር› አለኝ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከእርስዎ ወደ አንተ ወረድኩ! ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የከበሬታ ነገር እኛ ዘንድ ቀልድ የለውም።

ፊደላችንም የራሱ ጠባይ አለው። ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም፤ የግዕዝን ፊደል ማዘንበልም አያምርበትም። ስለዚህ አጽንዖት በውፍረት፣ በመጠን ወይም በቀለም ይሰጣል። ለዚህ ከቀጭን እስከ ወፍራም ሙሉ ቤተሰብ ያለው ፎንት መምረጥ ያስፈልጋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አንዱ ነው፣ ያውም በነፃ። ‹ሥራ› ወይስ ‹ስራ›፣ ‹ዓለም› ወይስ ‹አለም› የሚለውም ይወሰን። ታፔላው አንድ፣ ደረሰኙ ሌላ ሲጽፍ ስሙ ራሱ ይበተናል።

አንደበት አንድ ይሁን ማለት ሁሌ በአንድ ቃና ይነገር ማለት አይደለም። ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት የሚሄደው ያው ሰው ነው፤ አነጋገሩ ግን ይለያያል። ድርጅትም እንዲሁ ነው። የበዓል መልእክቱ ይድመቅ። ገንዘብ አልሄድ ሲል ግን ደንበኛው ደንግጧል። ‹ስህተት ተከስቷል› ማለት ለእሱ ምንም አይነግረውም። ‹ገንዘቡ አልተላከም። ሂሳብዎ ላይ ነው ያለው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ› ቢባል ትንፋሹ ይመለሳል። መመሪያ ውስጥ መግባት ያለባቸው እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ከእንግሊዝኛ ተተርጉመው ሳይሆን በአማርኛ ተጽፈው፣ ጮክ ተብለውም ተነበው።