የኤልክሃርት ሥራ አጥነት፦ ውጣ ውረዱ እና መነሻው

ኤልክሃርት–ጎሼን በአሜሪካ ኢንዲያና ግዛት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከሚቺጋን ወሰን ላይ የምትገኝ አነስተኛ የከተማ ቀጠና ናት። በ2020 ቆጠራ 207 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ሥራ አጥነት ሲወራ ግን ብዙ እጥፍ ከሚበልጧት ከተሞች ቀድማ ትነሳለች። ከ2008 ወዲህ የሥራ አጡ ቁጥር ሁለት ጊዜ ጣሪያ ነክቶ ሁለት ጊዜ ወርዷል።

ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ምርት ላይ ነው፤ በአር ቪ። አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ ወይም በመኪና የሚጎተት የሽርሽር ቤት ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከሚመረቱት አስር አር ቪዎች ስምንት ያህሉ የሚገጣጠሙት በኢንዲያና ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚወጡት ከዚህችው ቀጠናና ከአካባቢዋ ነው። ቶር ኢንዱስትሪስና ፎረስት ሪቨር ዋና መሥሪያ ቤታቸው እዚሁ ነው፤ በዙሪያቸው ደግሞ መስኮት፣ ቁም ሳጥንና የብረት ሻሲ የሚያቀርቡ ፋብሪካዎች ተኮልኩለዋል። ችግሩ አር ቪ የግድ የሚገዛ ዕቃ አለመሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በብድር ይገዛል፤ ቤንዚንም ይጠጣል። ወለድ ሲጨምር ወይም ኪስ ሲሳሳ ሰው መጀመሪያ የሚተወው እሱን ነው።

በ2008 ሁለቱም አንድ ላይ መጡ፤ በበጋው ነዳጅ ተወደደ፣ ከዚያ ባንኮች ብድር ከለከሉ። በ2006 በአገሪቱ 390 ሺህ ገደማ የነበረው የአር ቪ ምርት በ2009 ወደ 166 ሺህ ወረደ። በኤልክሃርት 4.7 በመቶ የነበረው ሥራ አጥነት በዓመት ውስጥ 15.3 ደረሰ፤ በመጋቢት 2009 ደግሞ 20 በመቶ አካባቢ ሆነ። ፕሬዚዳንት ኦባማ የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ሕጉን ለማስረዳት ወደዚያች ከተማ የሄዱት የካቲት 9 ቀን 2009 ነበር፤ ሕጉ የተፈረመው ከስምንት ቀን በኋላ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ፋብሪካ ተክሎ ከአር ቪ ጥገኝነት ለመላቀቅም ተሞክሮ ነበር። ከተስፋዎቹ አንዱ የነበረው የኖርዌዩ ቲንክ ግን በ2011 ከሰረ። ከተማዋ ያገገመችው በመጨረሻ በዚያው በጣላት ምርት ነው፤ በ2018 ሥራ አጥነቱ 2 በመቶ አካባቢ ነበር።

ሠራተኛው ራሱ ከዚህ አዙሪት ጋር መኖር ለምዷል። ፈረቃው ጎህ ሳይቀድ ይጀመራል፤ በብዙ ፋብሪካዎች ክፍያው በተሠራው ብዛት ስለሆነ የዕለቱን ድርሻ የጨረሰ ቡድን ከሰዓት ሳይደርስ ቤቱ ይገባል። ገበያው ሲደራ ዛሬ ከአንዱ ለቆ ነገ ከመንገዱ ማዶ የሚቀጠር ሞልቷል። ሁለተኛ ደረጃን ብቻ ለጨረሰ ወጣት ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ኮሌጅ መግባት የሚዘገየውም ለዚህ ይመስላል። ዘመናዊ ኑሮን የሚሸሹትና በቤታቸው የመብራት መስመር የማያስገቡት የአሚሽ ክርስቲያን ማኅበረሰብ አባላትም፣ እርሻው ሁሉንም ልጆች ስለማይበቃ፣ ብዙዎቹ የሚሠሩት በእነዚሁ ፋብሪካዎች ነው።

በ2020 ወረርሽኙ ፋብሪካዎቹን ሲዘጋ የሚያዝያው ቁጥር ወደ 30 በመቶ ተጠጋ። ከ2009ኙ ይብስ እንጂ ዓይነቱ ሌላ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ከሥራ የቆመው ለጊዜው ነውና በግንቦት በሮች ተከፈቱ። አውሮፕላንና ሆቴል የፈራ ሁሉ አር ቪ ፈለገ። በ2021 ከ600 ሺህ በላይ ተመረተ፤ ታይቶ የማይታወቅ ነው። በኤልክሃርት ሥራ አጥነቱ ከ2 በመቶ በታች ወረደ፤ አሠሪዎች ሰው አጡ።

ከዚያ ወለድ ጨመረ፣ በ2023 ምርቱ ወደ 313 ሺህ ወረደ። ግማሽ ያህሉ ጠፋ ማለት ነው። የሥራ አጡ ቁጥር ግን እንደ 2009ኙ አልዘለለም። ፋብሪካዎቹ ሰውን ከማሰናበት ይልቅ ሳምንቱን ወደ ሦስትና አራት የሥራ ቀን አሳጠሩ። በመንግሥት አቆጣጠር በሳምንት ለጥቂት ሰዓት የሠራም ሰው ሥራ እንዳለው ይቆጠራል፤ ከደመወዙ የጎደለው የአንድ ወይም የሁለት ቀን ክፍያ በመቶኛው ውስጥ አይታይም።