ስለ ፖርትሌት ሥራ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የመሥሪያ ቤት ፖርታል ማለት ሠራተኛው ጠዋት ገብቶ የዓመት ፈቃድ የሚጠይቅበት፣ የደመወዝ ዝርዝሩን የሚያይበት፣ ማስታወቂያ የሚያነብበት ገጽ ነው። ገጹ ላይ ያለው እያንዳንዱ ሳጥን ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሲሆን በጃቫው ዓለም ፖርትሌት ይባላል። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2003 ጄኤስአር 168 ተብሎ ወጣ፤ በ2008 በጄኤስአር 286፣ በ2017 ደግሞ በጄኤስአር 362 ታደሰ። እኔ የምሠራው በአብዛኛው ላይፍሬይ በተባለው የፖርታል ሶፍትዌር ላይ ነው። ከአዳዲስ ፕሮግራመሮች ጋር ቁጭ ብለን ስህተት ስንፈልግ ደጋግሜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። አብዛኞቹ የሚመነጩት ፖርትሌቱ የጋራ ግቢ ውስጥ ያለ ተከራይ መሆኑን ከመርሳት ነው። ቧንቧው የጋራ፣ በሩ የጋራ፣ ቆጣሪው የጋራ ነው።

«እኔ ጋ ይሠራል፤ የሚያምታታው ሰርቨሩ ነው»

ለአንድ መሥሪያ ቤት የዓመት ፈቃድ ፖርትሌት ሠርተን ሁለት ሳምንት ሞከርነው። ምንም እንከን አልተገኘበትም። ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት አንዲት ሠራተኛ ደወለች፦ «ኧረ ይሄ የእኔ አይደለም! የሌላ ሰው ስም ነው የሚያሳየኝ፤ ቀሪ ቀኑም የእኔ አይደለም።» ገጹን እንደገና ስትከፍተው ተስተካከለ። እኛ ብንሞክር፣ ደግመን ብንሞክር አልመጣም። ጥያቄዎችን ለሰርቨሮች የሚያከፋፍለውን ሎድ ባላንሰር ጠረጠርን፣ ቀጥሎ ለፍጥነት ቅጂ የሚይዘውን ካሽ፤ ሦስት ቀን ሰርቨር ስንመረምር አለፈ።

ጥፋቱ ኮዳችን ውስጥ ነበር። ፕሮሰስ አክሽን፣ ማለትም ተጠቃሚው ቁልፍ ሲጫን የሚሠራው ሜተድ፣ የሠራተኛውን መዝገብ ከዳታቤዝ አምጥቶ የክላሱ ፊልድ ላይ ያስቀምጣል፤ ገጹን የሚያሳየው ሬንደር ከዚያው ፊልድ ያነባል። አንድ ሰው ብቻውን ሲሞክረው ትክክል ነው። እውነታው ግን ፖርታሉ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ አዲስ ኦብጀክት አይፈጥርም። አንድ ሰርቨር ላይ የፖርትሌቱ ኦብጀክት አንድ ነው፤ የሁሉንም ሰው ጥያቄ በብዙ ትሬድ (ጎን ለጎን በሚሄዱ የሥራ መስመሮች) እኩል የሚያስተናግደው እሱ ነው። እሷ ሬንደር ላይ ሳትደርስ ሌላ ሠራተኛ ገብቶ ፊልዱን በራሱ መዝገብ ይተካዋል። ሰኞ ጠዋት የታየውም ለዚህ ነው፤ ሁሉም በአንድ ሰዓት የሚገባው ያን ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖራችሁ ስህተቱ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ጥሩት። ፊልዱ በሚሞላበትና በሚነበብበት መካከል የ5 ሰከንድ ስሊፕ (ኮዱን ቆም የሚያደርግ ትእዛዝ) አስገቡ። ሁለት ብራውዘር ከፍታችሁ በሁለት ስም ግቡ፤ አንዱን ተጫኑ፣ 2 ሰከንድ ቆይታችሁ ሌላውን። ችግሩ ካለ የመጀመሪያው ብራውዘር ላይ የሁለተኛው ሰው ስም ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የሰው መረጃ በሜተዱ ውስጥ ባለ ቫሪያብል ወይም በሪኩዌስቱ ላይ ይያዝ፤ መቆየት ካለበት በሴሽን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ ለብቻው በሚያዘው ማስቀመጫ። ፊልድ ላይ የሚቀመጠው ለሁሉም ሰው አንድ የሆነ ነገር ብቻ ነው። ይህን ስህተት ዓመታት የሠሩ ሰዎችም ይሠሩታል፤ የሌላ ሰው ደመወዝ የሚታይበት ቀን ሳይመጣ ኮዳችሁን ዛሬውኑ ብታዩት እመኛለሁ።

«ጥያቄው ሁለቴ የተመዘገበው ተጠቃሚው ሁለቴ ስለተጫነ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሰውየው የተጫነው አንዴ ነው፤ ከዚያ ገጹን ሪፍሬሽ አደረገ። የፖርትሌት ሥራ በዋናነት በሁለት ምዕራፍ ይከፈላል፦ አክሽን ነገሩን ይፈጽማል፣ ሬንደር ያሳያል። አክሽኑ ካለቀ በኋላ ሪዳይሬክት ካልተደረገ (ወደ ሌላ አድራሻ ካልተመራ) ብራውዘሩ የያዘው አድራሻ አሁንም የአክሽኑ ነው፤ ሪፍሬሽ ሲደረግ ጥያቄው እንዳለ ይደገማል።

ላይፍሬይ ላይ ይህን ለማጣራት የአድራሻ መስመሩን ማንበብ ይበቃል። ላይፍሳይክል የሚለው ፓራሜተር 0 ከሆነ ሬንደር፣ 1 ከሆነ አክሽን፣ 2 ከሆነ ሪሶርስ (ፋይል ወይም ዳታ ብቻ የሚልክ ጥያቄ) ነው። ቅጹ ተልኮ «ተመዝግቧል» የሚለው ከወጣ በኋላ አድራሻው ላይ 1 ካያችሁ ምክንያቱን አገኛችሁ። አክሽኑ ሲያበቃ ወደ ሬንደር አድራሻ ሪዳይሬክት አድርጉ። ቁልፉን በጃቫስክሪፕት ማጥፋት ድርብ መጫንን ይከላከላል፣ ሪፍሬሽን ግን አይከላከልም።

«ዲፕሎይ ሆኗል፣ ቀይ ጽሑፍ አልወጣም፣ ስለዚህ ተነሥቷል»

ዲፕሎይ ማለት ፕሮግራሙን ሰርቨሩ ላይ መጫን ነው። ላይፍሬይ ከ7ኛው ቨርዥን ጀምሮ ሞጁሎቹን፣ ማለትም ፖርትሌቱ ታሽጎ የሚገባባቸውን ፋይሎች፣ የሚያስተዳድረው ኦኤስጂአይ በሚባል የጃቫ ሥርዓት ነው፤ እዚያ ፋይሉ መግባቱና ሥራ መጀመሩ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጎጎ ሼል የተባለውን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ ኤልቢ (የሞጁሎች ዝርዝር) ብላችሁ ጠይቁ። ሞጁላችሁ ኢንስቶልድ ብሎ ከቆመ የሚፈልገውን ፓኬጅ አላገኘም፤ ዳያግ የሚለው ትእዛዝ የትኛው ፓኬጅ፣ በየትኛው ቨርዥን እንደጎደለ በስሙ ይነግራችኋል። ሪዞልቭድ ካለ የሚፈልገው ተሟልቶለታል፣ ግን አልተነሣም።

ሰውን የሚያደክመው ሦስተኛው ነው፦ አክቲቭ ይላል፣ ገጹ ላይ ግን የለም። ሞጁሉ ተነሥቶ በውስጡ ያለው ኮምፖነንት አንድ የሚጠብቀው ሰርቪስ ስላልመጣለት ዝም ብሎ ቆሟል ማለት ነው። ሎጉ ላይ አንድም መስመር ላታዩ ትችላላችሁ። ጎጎ ሼል ላይ ኤስሲአር ኢንፎ ብላችሁ የኮምፖነንቱን ስም ስትሰጡት አንሳቲስፋይድ ብሎ የጎደለውን ያሳያል። ሰርቨሩን ደጋግሞ ሪስታርት ማድረግ ይህን አያመጣውም።

«መታወቂያውን ልዩ ስም ስለሰጠሁት አይጋጭም»

መታወቂያ የምንለው ገጹ ላይ ላለ ቁልፍ ወይም ሳጥን የሚሰጠውን አይዲ ነው። ስሙ የቱንም ያህል ልዩ ቢሆን፣ ፖርታሉ ያንኑ ፖርትሌት አንድ ገጽ ላይ ሁለቴ ማስቀመጥ የሚፈቅድ ከሆነ መታወቂያው ሁለት ይሆናል። በአይዲ የሚፈልግ ጃቫስክሪፕት የሚያገኘው የመጀመሪያውን ነው፤ የታችኛውን ሳጥን ቁልፍ ስትጫኑ የላይኛው ይንቀሳቀሳል። ለእያንዳንዱ መታወቂያና የጃቫስክሪፕት ስም በፊቱ የፖርትሌቱን ኔምስፔስ (ፖርታሉ ለእያንዳንዱ ሳጥን የሚሰጠውን መለያ ቅጥያ) ጨምሩ። እኔ ማንኛውንም ፖርትሌት ከማስረከቤ በፊት አንድ ገጽ ላይ ሁለቴ አስቀምጬ አየዋለሁ፤ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

«ፖርታሉ ከዘገየ ሰርቨር ይጨመር»

መጀመሪያ የትኛው ሳጥን እንዳዘገየው ይታወቅ። የሙከራ ገጽ ላይ ካሉት ፖርትሌቶች ግማሾቹን አንሱና ለኩ፤ ፈጣን ከሆነ ጥፋተኛው ከተነሡት ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የውጭ ሲስተም የሚጠራ አንድ ፖርትሌት ነው። ሌላ ሲስተም የሚጠራበት የጃቫ መደበኛው ኤችቲቲፒ ዩአርኤል ኮኔክሽን ካልተነገረው በቀር የጊዜ ገደቡ 0 ነው፤ ትርጉሙም ያለ ገደብ ይጠብቃል ማለት ነው። ያ ሲስተም ከተኛ እናንተም አብራችሁ ትጠብቃላችሁ፣ ገጹም ይጠብቃል። ገደብ ስጡት።

«አማርኛው የተበላሸው ፎንት ስለሌለ ነው»

ይህን ለይቶ ማወቅ ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የሰው ስም የሚጠፋበት ቦታ ነውና። ባዶ ሳጥኖች ከታዩ አዎ፣ ፎንት ነው፤ መረጃው ደኅና ነው። ምልክት የተደረገባቸው የላቲን ፊደላት ከታዩ ዩቲኤፍ-8 የሆነው ጽሑፍ በሌላ ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት የሚቀይር ስልት) ተነቧል፤ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል። በፊደሉ ቁጥር ልክ የጥያቄ ምልክት ከተደረደረ ግን አንድ መተላለፊያ ላይ ግዕዝን የማያውቅ ኢንኮዲንግ ፊደሉን በጥያቄ ምልክት ተክቶታል። ዳታቤዙ ውስጥ ያለውን ባይት እዩ፦ መደበኛው የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ሲሆን የመጀመሪያው በአስርዮሽ 225 ነው። በእሱ ፋንታ 63 ካገኛችሁ የተቀመጠው ራሱ የጥያቄ ምልክት ነው፤ ስሙን ከባለቤቱ እንደገና ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም።

የትርጉም ፋይሎችም አሉ። ጃቫ የገጹ ጽሑፎች በየቋንቋው የሚቀመጡበትን የሪሶርስ በንድል ፕሮፐርቲስ ፋይል በዩቲኤፍ-8 ማንበብ የጀመረው ከጃቫ 9 ነው፤ ከዚያ በፊት አይኤስኦ 8859-1 ነው ብሎ ያነብ ነበር። በድሮ ሰርቨር ላይ የአማርኛው ቁልፍ ጽሑፍ ብቻ ተበላሽቶ የዳታቤዙ አማርኛ ደኅና ከሆነ እዚህ ጋ ፈልጉ።

የስም ሳጥን ርዝመት ደግሞ እንዲህ ነው። ኦራክል ዳታቤዝ ላይ ቫርቻር2 50 (እስከ 50 የሚይዝ የጽሑፍ ዓይነት) ተብሎ የተፈጠረ ኮለም፣ ሌላ ካልተባለ፣ የሚቆጥረው ባይት ነው። ገብረመድኅን፣ ወልደሚካኤል፣ ኃይለማርያም ሰባት ሰባት ፊደል ናቸው። የአንድ ሰው ስም፣ የአባትና የአያት ሆነው ከነክፍተታቸው ሲጻፉ 65 ባይት ይሞላሉ። ቅጹ 50 ፊደል ብሎ ይቀበላል፣ ዳታቤዙ ይመልሳል፣ ተጠቃሚው «ያልታወቀ ስህተት» የሚል ያነባል። በእንግሊዝኛ ስም የሞከረ ሰው ይህን አያገኘውም። ኮለሙን በባይት ሳይሆን በቻር (በፊደል ቆጠራ) ፍጠሩት፤ የሙከራ መረጃችሁም ውስጥ እነዚህን ሦስት ስሞች አስገቡ።